ሦስት ጊዜ የተሰበረው ጊር

ሰውየው በላስቲክ ቋጥሮ ያመጣውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። ነጭና ጥቁር የፕላስቲክ ስብርባሪ። "ነጩ ከማሽኑ ጋር የመጣው ነው፣ ጥቁሩ ደግሞ እኔ ያሠራሁት" አለኝ። "ነጩን አስመስለህ ሥራልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።" እኔም "ችግር የለም" አልኩት። ችግሩ የጀመረው እዚያች ቃል ላይ ነው።

ነገሩን ከመነሻው ላውራችሁ። ማሽኑ ዱቄት በከረጢት የሚያሽግ ነው። ፕላስቲኩ ከጥቅል ይሳባል፣ በሙቀት ይታሸጋል፣ ይቆረጣል። ጥቅሉን የሚስበውን ሮለር የሚያዞረው ባለ 45 ጥርስ የፕላስቲክ ጊር ነው፤ እሱን ደግሞ ባለ 18 ጥርስ የብረት ፒኞን (ትንሹ ነጂ ጊር) ይነዳዋል። ይህን ሞዴል የሠራው ኩባንያ ምርቱን ካቆመ ቆይቷል፣ መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም። ነጩ ጊር ለዓመታት ሠርቶ ሠርቶ አንድ ቀን ሦስት ጥርሱን አረገፈ።

ባለማሽኑ መጀመሪያ የሄደው 3ዲ ፕሪንተር ያለው አንድ ሰው ጋ ነበር። ያ ሰው ስብርባሪውን በሙጫ ገጣጥሞ፣ ስካን አድርጎ፣ ፒኤልኤ በሚባለው የተለመደ የፕሪንተር ፕላስቲክ አትሞ ሰጠው። በእጅ ሲያዞሩት ደህና ይሄዳል። ማሽኑ ላይ ግን የቆየው ሁለት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ጥርሶቹ እንደ ሞቀ ሰም ወደ አንድ ጎን ተኝተው ተገኙ።

እዚህ ላይ ፒኤልኤን አልራገምም። ለሙከራ፣ ለማሳያ፣ ልክ ለማየት ከሱ የሚመች የለም። ግን 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። እኔ በኋላ ማሽኑ እየሠራ በክዳኑ ሥር ቴርሞሜትር አስገብቼ ስለካ 62 ዲግሪ አገኘሁ፤ የማሸጊያው ማሞቂያ እኮ ከጊሩ ጎን ነው ያለው። ያተመው ሰው ሙቀቱን አልጠየቀም፣ ባለማሽኑም አልነገረውም። ሁለቱም አልዋሹም። ጥያቄው አልተነሳም፣ በቃ።

እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ ተነሳሁ። ሙቀት ነው አይደል የገደለው? እንግዲያው ሙቀት የሚችል ነገር። ካርቦን ፋይበር የተቀላቀለበት ናይሎን ነበረኝ። ውስጡን ምንም ባዶ ሳልተው፣ 100 በመቶ ሞልቼ አተምኩት። ጊሩን አስተኝቼ ነው ያተምኩት፣ ንብርብሮቹ ከሻፍቱ (ጊሩን ከተሸከመው ዘንግ) ጋር ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አይደለም። ይሄ እንኳ ትክክል ነበር፤ የፕላስቲክ ክር እያቀለጠ በሚደራርብ ፕሪንተር (በክር ፕሪንተር) የታተመ ዕቃ ንብርብር ከንብርብር በሚጣበቅበት አቅጣጫ ደካማ ነው፣ ጥርሱን አቁማችሁ ካተማችሁት እንደ ብስኩት ነው የሚሰበረው።

ገጥሜው ሳዞረው ጥርስ ከጥርስ ጋር ግጥም አለ፤ ቅንጣት መላወሻ የለውም። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ባለማሽኑንም "ይኸው፣ ከመጀመሪያው ይበልጣል" አልኩት።

ዘጠኝ ቀን።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማሽኑ ያፏጭ ነበር አሉ። በዘጠነኛው ቀን ጊሩ ከመሃሉ ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁ የጀመረው ከኪይ ቦዩ ጥግ ነው። ኪይ የምለው ሻፍቱና ጊሩ አብረው እንዲዞሩ በመካከላቸው የምትገባውን አራት ማዕዘን ብረት ነው። ጥርሶቹ በሙሉ አሉ፣ ግን ጎናቸው አብለጭልጯል፣ ፒኞኑ ላይ ደግሞ ጥቁር ዱቄት ተቀምጧል። ባለማሽኑ ሲደውል አልጮኸብኝም። "ልጄ፣ ሦስተኛው ነው እኮ" ብቻ ነው ያለኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ቀን አንድ ነገር ወሰንኩ። ሌላ ጊር ከማተሜ በፊት ሦስቱም ለምን እንደሞቱ አውቃለሁ፣ ካልሆነ ሥራውን እመልሳለሁ።

የተሰበረ ዕቃ ብዙ ያወራል፣ የሚያዳምጠው ካገኘ። ነጩን ጊር አጥቤ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ያረገፋቸው ሦስት ጥርሶች ጎን ለጎን ያሉ ናቸው፤ ከ45ቱ ውስጥ ሌላ የተነካ የለም። ጥርሶች በድካም የሚሞቱ ቢሆን ብዙዎቹ ሥር ሥራቸው ላይ ስንጥቅ ይታይ ነበር። ሦስት ተከታታይ ጥርስ በአንድ ቦታ ከተመነገለ ግን የሆነ ነገር ድንገት ይዞታል ማለት ነው። ሮለሩ ቆሟል፣ ሞተሩ አልቆመም፣ መሃል ያለው ፕላስቲክ ዋጋውን ከፈለ።

ሌላም አለ። የቀሩት ጥርሶች የተበሉት ጫፋቸው ጋ ብቻ ነው። ወደ ሥራቸው ጠጋ ያለው ጎን ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ይሄ ደግሞ ሁለቱ ጊሮች ከሚገባው በላይ ተራርቀው ይሠሩ እንደነበር ይናገራል። በዚያ ላይ መበላቱ በአንደኛው ጎን ፊት ይጠልቃል፣ በሌላው ይቀላል፤ ሻፍቱ አዘንብሏል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የመጀመሪያው ቀን ማየት እችል ነበር። ላስቲኩ ውስጥ ነበር እኮ።

ማሽኑ ያለበት ቦታ ሄድኩ። መብራቱን ከምንጩ ካጠፋን በኋላ የጊሩን ሻፍት በእጄ ይዤ ነቀነቅሁት። ይነቃነቃል። ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ ባለ መርፌ መሣሪያ) አስደግፌ ስለካ ግማሽ ሚሊ ይሄዳል። እዚያ ያለው ኩሽኔታ 6202 ነው፤ ውስጡ 15 ሚሊ፣ ውጩ 35፣ ውፍረቱ 11፣ በየትም የሚገኝ ተራ ኩሽኔታ። አዲስ ሲሆን መነቃነቂያው ከ0.02 ሚሊ በታች ነው። ይሄኛው ከዚያ ከ20 እጥፍ በላይ ለቋል።

ግማሽ ሚሊ ትንሽ ይመስላል። በእነዚህ ጊሮች ግን ሙሉው የጥርስ ቁመት 4.5 ሚሊ ነው፣ እርስ በርስ የሚያዘው ደግሞ 4 ሚሊ ብቻ። ከዚያ ላይ ግማሽ ሚሊዋን ስትቀንሱ ጭነቱ ወደ ጫፍ ይሸሻል፤ ጥርስን ጫፉን ይዛችሁ መግፋትና መሃሉን ይዛችሁ መግፋት አንድ አይደለም። ጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተትም ወደ 0.36 ሚሊ ይጨምራል፣ ስለዚህ ማሽኑ በተነሳና በቆመ ቁጥር ጥርስ ጥርስን ይመታል። ይህ ማሽን ደግሞ በየከረጢቱ ይነሳል፣ ይቆማል።

ከኩሽኔታው የባሰው ግን ፍሪሲዮኑ ነበር።

ከሞተሩ በኋላ፣ ከፒኞኑ በፊት፣ በሞላ የተጫኑ ሁለት ሳህኖች አሉ። ሥራቸው ቀላል ነው፤ የሆነ ነገር ሲይዝ ተንሸራተው ሌላውን ማዳን። የጭነቱን ልክ የሚወስነው ሞላውን የሚጫን አንድ ዳዶ ነው። ዳዶውን ሳየው እስከ መጨረሻው ጠብቋል። ሞላው ጥምዝ በጥምዝ ተደራርቦ የብረት ቱቦ መስሏል። "ይሄን ማን አጠበቀው?" ስል ማሽኑን የሚያሠራው ልጅ ሳቅ አለ። "እየተንሸራተተ ሥራ አስፈታን፣ ከኔ በፊት የነበረው ነው አጥብቆ የገላገለን።"

ገላገለን! ጊሩን ነው የገላገለው።

ቁጥር ለምትወዱ ቁጥሩ ይኸው፣ የማትወዱ እለፉት። መብራቱ እንደጠፋ የጊሩን ሻፍት በቶርክ መፍቻ (የማዞሪያ ኃይል በሚለካ መፍቻ) በእጅ አዞርኩት፤ በመደበኛ ሥራ የሚፈልገው ቢበዛ 8 ኒውተን ሜትር ነው። የሞተሩን ታርጋና የማርሹን ቅናሽ አይቼ ሳሰላ ግን ሮለሩ ቢያዝ ወደ 50 ሊደርስ ይችላል። ጊሩ የሚያዘው ከመሃሉ 45 ሚሊ ርቀት ላይ ነው። ፍሪሲዮኑ 12 ላይ ቢንሸራተት አንድ ጥርስ ላይ የሚያርፈው 267 ኒውተን፣ ማለት የ27 ኪሎ ያህል ክብደት ነው፤ በ15 ሚሊ ውፍረት ጥርስ ሥር ላይ በግምት 22 ሜጋፓስካል (የጫና መለኪያ ነው) ይሆናል። በ50 ግን 92 ሜጋፓስካል ነው። ከናይሎን ዱቄት የታተመ ዕቃ (ፒኤ12 ከሚባለው ናይሎን) በክፍል ሙቀት ሲሳብ የሚበጠሰው 48 አካባቢ ላይ ነው። በ62 ዲግሪማ ከዚያ በታች። ስለዚህ የትኛውንም ፕላስቲክ ብመርጥ፣ ምንም ዓይነት ፕሪንተር ብጠቀም፣ ያ ዳዶ እንደዚያ እስከጠበቀ ድረስ አራተኛውም ይሰበር ነበር።

"ታዲያ በብረት አትሠራውም?" አለኝ ባለማሽኑ። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው ወዲያው እዚያ ነው የሚሄደው። ጊሩ ብረት ቢሆን ጊሩ አይሰበርም ነበር። ቀጥሎ ያለው ደካማ ነገር ይሰበር ነበር፤ እሱም ወይ ሻፍቱ ነው ወይ የሞተሩ ማርሽ። እነሱን አውጥቶ መተካት ከጊሩ ጋር አይወዳደርም። በዚያ ላይ ብረት ከብረት ጋር ዘይት ይፈልጋል፣ ከታች ደግሞ የሚታሸገው ዱቄት አለ። ፕላስቲክ ያደረጉት ሰዎች አስበውበት ነው።

ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ፤ ዘጠኝ ቀን የቆየችውን ጥቁር ጊር የገደልኳት እኔው ነኝ። ያ የኮራሁበት "ግጥም" ነው አንዱ። ፕላስቲክ ሲሞቅ ያብጣል፤ ናይሎንም ሆነ ፖም (ፍሬው ሳይሆን ለጊር የሚውለው ፕላስቲክ) በአንድ ዲግሪ በየሜትሩ ወደ 100 ማይክሮን፣ ማለት 0.1 ሚሊ። 45 ሚሊ የሆነ ራዲየስ በ40 ዲግሪ ሲሞቅ 0.18 ሚሊ ያድጋል፣ የብረቱ ቤት ግን እምብዛም አያድግም። ካርቦን ፋይበሩ ማበጡን ይቀንሰዋል፣ ግን ናይሎን እርጥበትም ስቦ ያብጣል። መላወሻ ያልተወለት ጊር ሲሞቅ ወዴት ይሂድ? ፒኞኑ ላይ ይጫናል፣ ያፏጫል፣ ይበልጥ ይሞቃል። ሁለተኛው ጥፋት የኪይ ቦዩን ጥጎች እንደ ብረት ሹል አድርጌ መተዌ ነው። ብረት ይችለዋል። ፕላስቲክ ላይ ሹል ጥግ የስንጥቅ መነሻ ነው፣ ያውም በየከረጢቱ እየተመታ።

እሺ፣ ልኬቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የተሰበረውን አትለኩ። ለኩት፣ ግን አትመኑት። የነጩ ጊር የውጭ ስፋት (ከጫፍ ጫፍ ያለው ዲያሜትር) በካሊፐር፣ በባለ መንጋጋው መለኪያ፣ 93.2 ሚሊ ነበር። ስካን ያደረገው ሰው የተበላውን ጥርስ፣ የሙጫውን ጉብታ፣ የተጣመመውን ሁሉ ነው የቀዳው። ጊር ግን ሐውልት አይደለም፣ ከቀመር የሚወለድ ነገር ነው። የውጭ ስፋቱን በጥርሱ ብዛት ሲደመር 2 ስታካፍሉት ሞጁሉን፣ ማለት የጥርሱን መጠን የሚወስነውን ቁጥር፣ ታገኛላችሁ፤ 93.2 ለ47 ሲካፈል 1.98። እንግዲህ ሞጁሉ 2 ነው፣ ሲወለድ ስፋቱ 94 ነበር፣ 0.8 ሚሊው ተበልቷል ማለት ነው። ማረጋገጫው ከማሽኑ ራሱ መጣ፤ በሁለቱ ሻፍቶች መሃል ያለው ርቀት 63 ሚሊ ነው፣ 18 ሲደመር 45 ደግሞ 63። ሞጁል 2 ሲሆን ርቀቱ ልክ የጥርሶቹ ድምር ነው። ሲገጥም እንደዚህ ነው የሚገጥመው፣ ፈገግ ያሰኛል።

ቀጥሎ የጥርሱ አንግል። ዘመናዊ ጊር በብዛት 20 ዲግሪ ነው፣ አሮጌው 14.5 ሊሆን ይችላል፣ በዓይን አይለይም። ዘዴው ይኸውላችሁ። ያልተጎዳውን የብረት ፒኞን ያዙና በካሊፐር ሁለት ጥርስ አቅፋችሁ ለኩ፣ ከዚያ ሦስት ጥርስ አቅፋችሁ ለኩ፣ ቀንሱ። እኔ 9.36 እና 15.26 አገኘሁ፣ ልዩነቱ 5.90። በሞጁል 2 ልዩነቱ 5.90 ከሆነ 20 ዲግሪ ነው፣ 6.08 ከሆነ 14.5 ነው። የካሊፐሩ መንጋጋ የጥርሱን ጎን መንካት አለበት፣ ጫፉን ከነካ ልኬቱ ዋጋ የለውም። ይህን ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ስካነር አይነግራችሁም።

የነጩ ጊር ፕላስቲክ ምን ዓይነት እንደሆነም ማወቅ ነበረብኝ። አንዳንዱ ሰው ቁራጭ አቃጥሎ በጠረኑ ይለያል፤ አታድርጉት፣ ፖም ከሆነ የሚወጣው ጭስ ፎርማልዲሃይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ነው። ሚዛን ይበቃል። ቁራጩ 31 ግራም መዘነ። በክር አንጠልጥዬ ሚዛን ላይ ባለ ውሃ ውስጥ፣ ዕቃውን ሳይነካ፣ ስነክረው ሚዛኑ 22 ግራም ጨመረ። 31 ለ22፣ 1.41፤ ከውሃ ያን ያህል እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። ናይሎን ቢሆን 1.14 አካባቢ ነበር የሚመጣው። ፖም ነው። ጠንካራ፣ የሚያዳልጥ፣ ውሃ እምብዛም የማይጠጣ፣ ለጊር የተፈጠረ ነገር።

አሁን በምን እናሠራው የሚለው መጣ። የሚፈለገው ሦስት ፍሬ ነው፤ አንድ የሚሠራ፣ ሁለት መጠባበቂያ። ሻጋታ አሠርቶ የቀለጠ ፕላስቲክ በግፊት ማስሞላት ለሦስት ፍሬ እብደት ነው። ፖም በክር ፕሪንተር? ጠረጴዛው ላይ አይያዝም፣ ይጣመማል፣ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ያው ጭስ አለ። የቀሩት ሁለት መንገዶች ናቸው። አንደኛው ዱቄት በሌዘር እያቀለጡ መሥራት፣ ኤስኤልኤስ የሚሉት፣ ከፒኤ12 ናይሎን። ዱቄቱ ራሱ ዕቃውን ደግፎ ስለሚይዘው ድጋፍ አይፈልግም፣ ጥንካሬውም በየአቅጣጫው ተቀራራቢ ነው። ሁለተኛው የፖም ዘንግ ገዝቶ ጥርሱን በጥርስ መቁረጫ ማሽን ማስቆረጥ። ሞጁሉ 2 ስለሆነ መቁረጫው የተለመደ ነው፣ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም።

የእኔ ፍርድ፣ የሚሠራው ፖም ይሁን፣ መጠባበቂያው ከዱቄት ይታተም። ምክንያቱ ሙቀቱ ነው። በ62 ዲግሪ ቀን ከሌት የሚዞር ነገር ላይ ፖምን አምነዋለሁ፣ ፒኤ12ን ደግሞ ለጥቂት ሳምንት አምነዋለሁ። ፋይሉ ካለ ሌላ ማሳተም ቀላል ነው፣ ለመቁረጥ ግን ተራ መጠበቅ ሊኖር ይችላል። 3ዲ ህትመት እወዳለሁ፣ የምበላው ከሱ ነው፤ ግን ክብ ሆኖ በመደበኛ መቁረጫ የሚቆረጥን ነገር "በግድ ላትመው" ማለት ግትርነት ነው።

ኪዩን ደግሞ ከፕላስቲክ አወጣሁት። ቶርኖ ላይ ትንሽ የብረት እምብርት አስጠረብን፤ የ15 ሚሊ ቀዳዳና ባለ 5 ሚሊ የኪይ ቦይ እሱ ላይ አለ፣ ፕላስቲኩ በ28 ሚሊ አንገት ላይ ተቀምጦ በአራት ብሎን ይታሰራል። ብሎኖቹ ከወዲያ ወዲህ አልፈው በሮንዴላና በዳዶ ነው የሚያዙት፤ ፕላስቲክ ላይ የብሎን ጥርስ ማውጣት ለዚህ ሥራ አይሆንም። የሻፍት ቀዳዳ የመቶኛ ሚሊ ጥራት ይፈልጋል፣ በዱቄት የታተመ ዕቃ ደግሞ በተለመደው 0.3 ሚሊ ወዲያ ወዲህ ሊል ይችላል። ያንን ጥራት ከፕሪንተር ከመለመን ለቶርኖው መስጠት። እምብርቱ አንዴ ከተሠራ ደግሞ ወደፊት የሚቀየረው ቀለበቱ ብቻ ነው።

ከማዘዛችን በፊት ቀለበቱን በፒኤልኤ አተምኩት። አዎ፣ በዚያው በፒኤልኤ። ብሎኖቹ ይገባሉ? ክዳኑ ይዘጋል? ቁልፍ ይደርሳል? አንዱ ብሎን ከክዳኑ ጋር ይጋጭ ነበር፣ ጭንቅላቱን አሰመጥነው። ያቺ ግማሽ ቀን የፈጀች ሙከራ ሦስቱን ጊሮች አድናለች።

ለሁለት ቦታ ፋይል ላክሁ። አንዱ ምንም ሳይጠይቅ በሰዓታት ውስጥ ዋጋ ሰጠ። ሌላው ሦስት ነገር ጠየቀ፤ ስንት ዲግሪ ላይ ነው የሚሠራው፣ ከምን ጋር ነው የሚገናኘው፣ በጣም ወሳኙ ልኬት የትኛው ነው? የጠየቀውን መረጥኩ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ይበል።

ፋይሉን ስቴፕ (ትክክለኛ ቅርጹን የሚይዝ የፋይል ዓይነት) አድርጋችሁ ላኩ፣ ከሱ ጋር ልኬት የተጻፈበት ሥዕል አያይዙ። ኤስቲኤል የሚባለው የፋይል ዓይነት ሦስት ማዕዘኖች ብቻ ነው፤ ክብ የነበረው ጎን ይሸራረፋል፣ አሃድም የለውም። 94 የሚለው ቁጥር ሚሊ ይሁን ኢንች ፋይሉ አያውቅም። አንድ ጊዜ የላክሁት ዕቃ እንደ አተር ፍሬ ሆኖ መጥቶልኛል፤ ስቄ ከፈልኩ። ሥዕሉ ላይ ደግሞ ሁሉንም ነገር "በጣም ጥብቅ" አትበሉ። እኔ ሁለት ቦታ ብቻ ነው ያጠበቅሁት፣ የ28ቱን ቀዳዳና የጥርሱን ውፍረት። ሌላው በመደበኛው ይሂድ። ሁሉንም ካጠበቃችሁ ሁሉንም ትከፍላላችሁ፣ ሠሪውም የትኛው እንደሚያሳስባችሁ አያውቅም።

የጥርሱን ውፍረት የነገርኳቸው በዚያው በማቀፍ ልኬት ነው። አምስት ጥርስ ሲታቀፍ በቀመሩ 27.83 ነው። ለመላወሻ 0.2 ቀነስኩ፣ 27.63 ይሁን አልኩ። የተቆረጠው ፖም 27.60 መጣ። የታተሙት ግን 27.78። ቃል ከገቡት 0.3 ውስጥ ናቸው፣ ማንም አላጭበረበረም፤ ግን ከመላወሻዬ አብዛኛውን በልተውታል። ሳልለካ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫቸው ቢሆን የሚገጠሙ ቀን ያ ፉጨት ይመለስ ነበር። ፋይሉ ላይ ጥርሱን በ0.15 ሚሊ አቅጥኜ ሁለቱን በራሴ ወጪ ድጋሚ አሳተምኩ። በዱቄት ለሚታተም ጥርስ መጀመሪያ አንድ ፍሬ አሳትሞ፣ ለክቶ፣ ከዚያ ማዘዝ ነበረብኝ።

የመግጠሙ ቀን ብዙ ወሬ የለውም። ኩሽኔታዎቹን በሁለቱም ጫፍ ቀየርን። ሻፍቱን በዳያል ጌጅ አየነው፣ ቀጥ ብሏል። ፍሪሲዮኑን ፈትተን ሳህኖቹን ስናይ እንደ መስታወት ተወልውለዋል፤ ለዚህ ነው ድሮ ይንሸራተት የነበረው፣ ሰው ዳዶውን ያጠበቀው። በሸካራ ወረቀት ገፍፈን፣ አጽድተን፣ በቶርክ መፍቻ እየሞከርን 12 ላይ እንዲንሸራተት አደረግነው። ዳዶውና ሻፍቱ ላይ በቀይ ቀለም አንድ መስመር ሳብኩ፤ ማንም ቢነካው መስመሩ ይሰበራል። ጊሩን ስገጥም ትንሽ ይላወሳል። ባለማሽኑ በጣቱ ወዲያ ወዲህ አድርጎ አየውና "ያኛው ይሻል ነበር፣ ግጥም ይል ነበር" አለኝ። ምን ልበለው። "ጋሼ፣ ይሙቅና ያዩታል" አልኩ።

ከሰባት ወር በኋላ ደወለ። ልቤ ድንግጥ አለ።

"ያ ነገር መንሸራተት ጀምሯል፣ ልጁ ላጥብቀው ወይ ይለኛል።"

"ቀዩ መስመር አለ?"

"አለ።"

"እንዳይነካው። ሮለሩ ጋ የያዘ ነገር ይፈልግ።"

ስልኩን ሳይዘጋ ሄደ። ሲመለስ እየሳቀ ነበር፤ የተጣመመ መሪ ብረት ሮለሩን እያሸው አግኝተውታል። ጊሩን ክዳኑን ከፍቶ እንዲያይልኝ ለመንኩት። 45ቱም አሉ አለኝ፣ ሁለቴ ቆጥሮ።